ወረቀት ያልነበረው ድሬሰር

ድሬሰር የሚባለውን ሥራ ዛሬ በስሙ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ድሬሰር ቁስል ያጥባል፣ ፋሻ ያስራል፣ መርፌ ይወጋል፤ ሐኪም በሌለበት አገር ደግሞ እሱው ሐኪም ይባላል። እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎንደር ውስጥ ነው። አባቴ በጦርነቱ ጊዜ ሞቷል። እናቴ አራዳ ከአንድ ነጋዴ ሱቅ ጀርባ በተከራየናት ክፍል ጥጥ እየፈተለች አሳደገችኝ። ለሥራው ሴቶችም ይፈለጋሉ ሲባል ስትሰማ የሰው ደም መንካቱን አልወደደችውም፤ «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ግን ወደደችው።

ከወንዶቹ ጋር አብረን ተማርን፤ አብረንም ተፈተንን። እኔ ከብዙዎቹ የተሻለ ውጤት አግኝቼ የምስክር ወረቀቴን ተቀበልኩ። የመጀመሪያውን ደመወዝ ስንቀበል ግን ወንዶቹ ከእኔ በልጠው እንደተከፈላቸው አየሁ። ሒሳብ ያዡ የተሳሳተ መሰለኝና በማግስቱ ወደ ሹሙ ቢሮ ገባሁ።

«ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?» አለኝ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር።

«ስህተት ያለ መስሎኝ ነው ጌታዬ። አብረውኝ የተመረቁት ወንዶች ከእኔ ይበልጥ ተከፍሏቸዋል።»

«ስህተት የለም። ወንድ ቤተሰብ ያስተዳድራል። አንቺን ነገ ባል ያስተዳድርሻል።»

«እናቴን የማስተዳድራት እኔ ነኝ።»

«እሱን ደንቡ አያውቅም» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ነገሩን እንደ አባት አስረዳኝ። ደመወዝ የሚያድገው ወረቀት ላለው ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ደግሞ ራቅ ያለ ባላገር ለሚወርድ ወይም ክሊኒክ በኃላፊነት ለሚይዝ ነው። «ኃላፊነቱ ለሴት አይሰጥም» አለ፤ «የቦታ ጭማሪ ግን ደጋ ብትወጪ ታገኛለሽ። ብርዱ ብቻ ከቻልሽው።»

ብርዱን እችለዋለሁ አልኩ። እናቴ አለቀሰች፤ ግን ጋቢዋን ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ ነበር የተመደብኩባት። የጭነት ማኪና ላይ ከጨው ጆንያ ጋር ተጭኜ ደረስኩ። ክሊኒኩ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ነፋስ በመጣ ቁጥር ይጮኻል። በሩ ላይ ረዥም፣ ቀጭን፣ ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሞ ጠበቀኝ። ከእኔ በፊት ክሊኒኩን ለብቻው ሲያገለግል የኖረ ድሬሰር ነው። ባላገሩ «አያ ሐኪም» ይለዋል፤ እኔ «ጋሼ» አልኩት።

«ልትተኪኝ ነው የመጣሽው?» አለኝ፤ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ።

«ኧረ የለም ጋሼ፤ ከርስዎ ጋር ልሠራ ነው።»

«እንግዲያማ ሸጋ» አለና ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

የተወለደው ጭልጋ ነው። በወጣትነቱ በጣሊያን ወታደሮች ሐኪም ቤት በጽዳት ተቀጥሮ፣ ቀስ በቀስ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ለመደ። ሥራውን ሁሉ በጣሊያንኛ ስለተማረ መርፌውን «ሲሪንጋ» ነበር የሚለው። ጣሊያን ሲወጣ የእኛ መንግሥት ሰው ስላጣ ባለበት እንዲቀጥል አደረገው፤ ግን በረዳትነትና በጊዜያዊነት። ወረቀት የለውማ። ሚስቱ ፊቷ ጠይም፣ ንግግሯ ጥቂት፣ ሳቋ የማይጠፋ ሴት ነበረች። ልጆቻቸው ብዙ ናቸው፤ የመጨረሻዋ ገና ጡት ላይ ነበረች። ሚስቱ እኔን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ እንደ ታናሽ እህቷ ያዘችኝ። የገብስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ክሊኒኩ ድረስ ታመጣልኝ ነበር።

ደመወዝ ከፋዩ ከጎንደር የሚመጣው በጭነት ማኪና ነው። አንዳንዴ በወሩ፣ አንዳንዴ ወሮች አልፈው። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሁለታችንን በአንድ ጠረጴዛ ፊት አቁሞ ከአንድ ቦርሳ እያወጣ ከፈለን። የእኔን ሲቆጥር ጋሼ አየ። ከዚያ ከፋዩ የሱን ቆጠረ፤ ከእኔ ያነሰ ነበር። እኔ ገና ልጅ ነኝ፤ እሱ ሥራውን የጀመረው እኔ ሳልወለድ ባይሆንም ፊደል ሳልቆጥር ነው። ብሩን ሳያየው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ከፋዩ ከሄደ በኋላ «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም የወሰንኩት» አልኩት።

«አውቃለሁ ልጄ። ወረቀቱ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከሥራ ጉዳይ በቀር አላናገረኝም። ስለ ዝምታው አልተቀየምኩትም። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ምን እንዳላት እሷ ናት በኋላ የነገረችኝ። «ከጎንደር የመጣችዋ ልጅ ከእኔ ትበልጣለች» ብሎ ሳቀ አለች፤ ሳቁን ግን አልወደደችውም።

በዚያው ዓመት ከጎንደር ደብዳቤ መጣ። የቆዩ ድሬሰሮች ፈተና ወስደው ካለፉ ወረቀቱ ይሰጣቸዋል፤ ደመወዛቸውም እንደኛ ይሆናል። ጋሼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ከሥራ በኋላ የእኔን ደብተሮች ተውሶ በፀሐይ መግቢያ ደጁ ላይ ተቀምጦ ያነብ ነበር። አንብቦ ሲያበቃ ይጠይቀኛል፤ እኔ የማውቀውን እነግረዋለሁ። የሚሄድ ዕለት ሚስቱ ካፖርቱን አጠበችለት፤ ፂሙን ተላጨ። ባላገሩም «አያ ሐኪም ሹመት ሊቀበል ነው» ብሎ እስከ መንገዱ ሸኘው።

ሲመለስ በእግሩ ነበር የመጣው፤ የማኪናውን ዋጋ ለልጆቹ ስኳር ገዝቶበት። ክሊኒኩ ውስጥ ገብቶ ካፖርቱን ሰቀለና እጁን መታጠብ ጀመረ።

«እንዴት ሆነ ጋሼ?»

«ፈተናው የጽሕፈት ነው። የመድኃኒቶቹን ስም ጻፍ አሉኝ። በጣሊያንኛ ጻፍኩ። እሱ አይታረምም አሉኝ። ሌላውን ደግሞ እየጻፍኩ ሳለ ሰዓቱ አለቀ።»

«እጅዎን አላዩም? ቁስል ሲያጥቡ፣ ሲሰፉ?»

«ማንም አላየኝ። ስንት ዓመት ሠርተሃል ብለው ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ለዓመት የሚከፈል የለም አሉኝ» አለ። ፎጣውን አጥፎ አስቀመጠና በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀውን በሽተኛ ጠራ።

ብዙ ሳይቆይ በእኔም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። መንገዱ ታድሶ ማኪና በየሳምንቱ ማለፍ ሲጀምር ደመወዝ ከፋዩ የቦታ ጭማሪዬን ሳያመጣ ቀረ። ምነው ብዬ ስጠይቀው «ማኪና የሚገባበት ቦታ ሩቅ አይባልም» አለኝ። ብርዱ ያው ነው፤ ቆርቆሮውም ያው ይጮኻል። ለእናቴ የምልከውን አሳነስኩ፤ እሷም ደብዳቤ አስጽፋ «አይዞሽ» አለችኝ።

ያኔ ፔኒሲሊን እንደ ጠበል የሚታይበት ዘመን ነበር። ሰው ራሱን ቢያመው፣ ወገቡን ቢቆርጠው፣ መርፌ ካልተወጋ አልታከምኩም ይል ነበር። ክሊኒኩ በነፃ ስለሚያክም መድኃኒቱ ከመጣ በሳምንቱ ያልቃል። ጋሼ ጎንደር ከሚያውቀው መድኃኒት ሻጭ ዘንድ በራሱ ገንዘብ ፔኒሲሊን ማስመጣት ጀመረ። ቤቱ ደጃፍ ላይ መደብ አለ፤ በገበያ ቀን ከሥራ በኋላ ባላገሩ ዕቃውን ሸጦ ሲያበቃ እዚያ ይሰለፋል። አንዱ ዶሮ ይዞ፣ አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ትንሽ ጤፍ በስልቻ። መርፌውን ሁልጊዜ ቀቅሎ ነበር የሚወጋው። ቆሻሻ ሰው አልነበረም።

እኔ ግን ፈራሁ። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን «ጋሼ፣ ይኼ ነገር በደንብ የተከለከለ ነው። ቢደርሱበት ከሥራ ያስወጡዎታል» አልኩት።

«የሚከለክሉኝ ሰዎች ለልጆቼ እህል ይሰፍሩልኛል?»

«አይሰፍሩም።»

«እንግዲያው ተይኝ ልጄ። ቀን ለመንግሥት እወጋለሁ፤ ማታ ለልጆቼ እወጋለሁ። ያው መርፌ ነው።»

ከዚያ በኋላ አላነሳሁበትም። ልጆቹ ያን ዓመት ጫማ ባይሆንም አዲስ ልብስ ለበሱ። ሚስቱም አንድ ቀን የሥጋ ወጥ ሠርታ ጠራችኝ፤ ፊቷ በርቶ ነበር። ይኸው ነው እንግዲህ ደጉ ጊዜ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሳይዘንብ በሚውልበት ሰሞን፣ አንዲት ወጣት አራስ እናቷ ደግፋ ገበያ አመጣቻት። ከገደል አፋፍ ካለ መንደር ነው የመጡት። ከወለደች ጀምሮ ትኩሳት አልለቀቃትም። አንድ ጊዜ ክሊኒክ መጥታ ፔኒሲሊን ተወግታ ትኩሳቱ ቀለል ብሏት ሄዳ ነበር፤ የወጋኋት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ግን ክሊኒኩ አንዲት ጠብታ መድኃኒት አልነበረውም፤ እናትየዋም ይህን ከሰው ሰምታ ቀጥታ ወደ ጋሼ ቤት ወሰደቻት።

ጋሼ ካፖርቱን ክሊኒኩ ውስጥ እንደሰቀለ ቀድሞኝ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ እኔ ገና የአንድ ሰው እግር እያጠብኩ ነበር። የጋሼ ሚስት በባዶ እግሯ ሮጣ ገባች። «ድረሽ! ድረሽልን!» አለች እንጂ ሌላ መናገር አልቻለችም። ፋሻውን ጥዬ ሮጥኩ።

አራሷ መደቡ ሥር በጀርባዋ ተኝታ ነበር። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ተጨፍነዋል፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ለመተንፈስ ደረቷ ይታገላል፤ አየሩ ግን አይገባም። ጎንደር ሐኪም ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ። ሰውነቷ መድኃኒቱን አልተቀበለውም። ለዚህ የሚሆን ሌላ መርፌ አለ፤ እኔም ለክሊኒካችን እንዲላክ ደጋግሜ ጠይቄ ነበር፤ አልመጣም። አንገቷን አቀናሁ፤ አፌን አፏ ላይ አድርጌ ነፋሁ። ደረቷን አሸሁ። እናቷ ሕፃኗን በጀርባዋ እንዳዘለች «ልጄን! ልጄን!» ትላለች። ብዙ አልቆየም። ደረቷ መታገሉን ተወ።

ጋሼ ሲሪንጋውን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ባለፈው ደህና ነበረች እኮ» አለኝ። «አንቺ ስትወጊያት ደህና ነበረች።»

«አዎ ጋሼ።»

«ያው መድኃኒት ነው። ያው።»

ሲሪንጋውን ከእጁ ወሰድኩት። ከገበያው ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። የሟቿ ወንድም ጠመንጃ የማይለየው ሰው መሆኑን ስለማውቅ «ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን ይግቡ። አሁኑኑ» አልኩት። ሚስቱ በገዛ እጇ ገፋችው። ካፖርቱን እንኳ ሳይለብስ ሄደ፤ የገበያው ሰው ከፊቱ እየተከፈለ አሳለፈው እንጂ ማንም አልነካውም። ቄሶቹ ከቅጥሩ ውስጥ ባለ ጎጆ አስገቡት። ደም ያለበት ሰው እዚያ ከገባ አይነካም።

ወንድሟ ሲደርስ እህቱ በነጠላ ተሸፍና ነበር። ነጠላውን ገልጦ ፊቷን አየ፤ መልሶ ሸፈናት። አልጮኸም። ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ ይላሉ። ገደላት?»

«መድኃኒቱ ለብዙ ሰው መድኃኒት ነው። አንዳንድ ሰውነት ግን አይቀበለውም። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም። ጎንደርም ሲሆን አይቻለሁ።»

«ጎንደር ሲሆን የወጋውን ማን ይጠይቀዋል?»

«ማንም።»

«ስለምን?»

«ሐኪም ስለሆነ። ወረቀት ስላለው።»

«እሱስ ወረቀት አለው?»

ሰው ሁሉ ያዳምጥ ነበር። የጋሼ ሚስት ከበሩ ሥር ልጇን አቅፋ ታየኛለች። መዋሸት አልቻልኩም፤ ብዋሽም ነገ የሚገለጥ ነገር ነው። «የለውም» አልኩ።

እህቱን በቃሬዛ ይዞ ሄደ። ቃሬዛው ከኮረብታው እስኪሰወር ድረስ የእናትየዋ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሳምንት እናትየዋ ለብቻዋ ክሊኒክ መጣች። ጀርባዋ ላይ ያለችው ሕፃን ማልቀስ እንኳ ደክሟት ትቃትታለች። በመንደሩ የምታጠባ ሴት አልነበረችም። የላም ወተት ሰጧት፤ አስቀመጣት። ሳያት ቆዳዋ እንደ አሮጊት ተሸብሽቧል። ጨውና ስኳር በጥብጬ በማንኪያ ጠብ አደርግላት ጀመር፤ ግን የሚያድናት ጡት እንደሆነ አውቃለሁ።

የጋሼ ሚስት የባሏን ካፖርት ከክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ልትወስድለት ገባች። እናትየዋን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። ማንም ሰላም አላለም። ሕፃኗ ተቃተተች። የጋሼ ሚስት ካፖርቱን አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«ስጡኝ እናቴ።»

አሮጊቷ ፊቷን አዞረች። ሕፃኗን ደረቷ ላይ ጨበጠች። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርድ ጀመር።

«በእንትና ቤት ጠባች ሲሉ የእናቷ ወንድም ምን ይለኛል?» አለች በመጨረሻ፤ ለራሷ የምትናገር ይመስል።

«ከሞተች ምን ይልዎታል?» አለች የጋሼ ሚስት።

አሮጊቷ ሰጠቻት። ሕፃኗ መጀመሪያ ጡቱን መያዝ አቃታት፤ እኔ አገጯን ይዤ አገዝኳት። ስትይዘው ሁለቱም ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ወደ ሌላው ክፍል ገብቼ የማያስፈልግ መርፌ ቀቀልኩ።

ከዚያ በኋላ አሮጊቷ ሕፃኗን ይዛ ጋሼ ቤት ተቀመጠች። ወንድምየው ሲሰማ መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ፤ እናቱ ወጥታ አነጋገረችው፤ ተመልሶ ሄደ። ሽማግሎች ይህን ይዘው ነው ነገሩን ያበረዱት። «የእህትህ ልጅ የምትጠባበትን ቤት እንዴት ታቃጥላለህ?» አሉት። ብዙ ተመላልሰው ለዕርቅ አበቁት። የጋሼ ወንድሞች ለደም ካሣ የሚሆኑ ከብቶች ከጭልጋ እየነዱ መጡ። ያረሱባቸው በሬዎች ጭምር ነበሩ። ከወንድሞቹ አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ «ወንድማችን ሐኪም ሆነ ብለን በኩራት ነበር የምናወራው» አለኝ። ጋሼ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ይቅርታ ለመነ። የሟቿ ወንድም ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት።

ባላገሩ እንዲህ ታረቀው። መሥሪያ ቤቱ ግን አልታረቀውም። ዕርቁ ካለቀ በኋላ ከጎንደር አንድ መርማሪ በማኪና መጣና እኔንም ጠየቀኝ።

«በግሉ መርፌ እንደሚወጋ ታውቂ ነበር?»

«አገሩ ሁሉ ያውቃል ጌታዬ።»

«ለምን ያደርገው ነበር?»

«ደመወዙ አልበቃ ብሎት።»

«ካልበቃው ማመልከት ነበረበት።»

«አመልክቷል። ፈተናም ተፈትኗል።»

«ካለፈ ይጨመርለት ነበር» አለና የጻፈውን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ጋሼ በዚያው ሳምንት ተሰናበተ። ጊዜያዊ ስለነበር የአገልግሎት ገንዘብም ጡረታም የለም አሉት። ያንን ሁሉ ዘመን ጊዜያዊ ሆኖ መኖሩን ሲነግሩት እንጂ አላሰበውም ነበር።

ክረምቱ ገባ። የደጋ ክረምት ክፉ ነው፤ ጭጋጉ ከደጃፍ አይነሳም፤ ማገዶው እርጥብ ነው፤ ጎተራው ባዶ ነው። ከደመወዜ የምችለውን እያካፈልኳቸው ከረምን። የጋሼ ሚስት የምታጠባው ሁለት ሕፃን ነው፤ የምትበላው ግን የአንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ያገኘችውን ለትልልቆቹ ታጎርሳለች። ቀስ በቀስ ጡቷ ነጠፈ። አሮጊቷ ሁኔታውን ስታይ የልጅ ልጇን ይዛ ወደ መንደሯ ተመለሰች፤ ያቺ ልጅ ያኔ አጥሚት መዋጥ ጀምራ ነበር፤ ተረፈች።

የጋሼ ልጅ ግን ታመመች። ተቅማጥ ጀመራት፤ ቀጥሎ ሳል ተጨመረ። ያለኝን መድኃኒት ሁሉ ሰጠኋት። ጋሼ ከአጠገቧ አይነሳም፤ እጇን ይዞ የልብ ትርታዋን ይቆጥራል። መርፌ ልወጋት ስል «እኔ አልችልም፤ አንቺ ውጊያት» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ዝናብ ውስጥ ቆሞ ጠበቀ። አልዳነችም። በጭጋግ ቀበርናት። ከቀባሪዎቹ መሃል የአራሷን እናትና ወንድም አየሁ። ወንድምየው ጠመንጃውን ሳይዝ ነበር የመጣው፤ አህያ ላይ ገብስ ጭኖ አምጥቶ ደጃፉ ላይ አራገፈና ሳይቀመጥ ሄደ። የጋሼ ሚስት ገብሱን ለቀናት አልነካችውም። በኋላ ልጆቹ ሲርባቸው ፈጨችው።

ክረምቱ ሲወጣ ጋሼ ሰሊጥ አጨዳ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ወደ ቆላ ወረደ። ሊሰናበተኝ መጥቶ «አጭዳለሁ» አለኝ። እጁ ለማጭድ የሚሆን እጅ አልነበረም። «ጋሼ፣ መርፌ እንዳይወጉ በሞቴ» አልኩት። እጄን ጨብጦኝ ሄደ። በኋላ ከዚያ የተመለሱ ሰዎች እንደነገሩን ቆላው ውስጥ በወባ ለሚንቀጠቀጠው አጫጅ ሁሉ የሚደርስለት እሱ ነበር፤ እዚያ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ለሚስቱ አንድ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ላከ። ከዚያ የሰውየው ወሬ ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት አጫጆቹ ሲመለሱ ወባው እሱንም እንደወሰደው፣ ከአንድ ዛፍ ሥር እንደቀበሩት ነገሩን። ካፖርቱን አምጥተውላት ነበር። ለቅሶው የተለቀሰው ያለ ሬሳ ነው።

በዚያን ጊዜ ሁሉ ክሊኒኩን ለብቻዬ ይዤ ነበር። አዋልዳለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ጠርሙስ አጥባለሁ። ጎንደር በሄድኩ ጊዜ ወደዚያው ሹም ገባሁና የኃላፊነት አበል ይገባኛል አልኩ።

«ኃላፊ ሆነሽ አልተሾምሽም እኮ» አለኝ።

«ታዲያ ክሊኒኩን ማን ነው የያዘው?»

«ቦታው ክፍት ነው። ሰው እንልካለን።»

ላኩም። ከእኔ በኋላ የተማረ ወጣት ወንድ መጣ፤ ጥሩ ልጅ ነበር፤ ግን ወደ ጎንደር መመላለስ ያበዛል። ደመወዙ ከእኔ ይበልጣል፤ ሥራው ያው የእኔ ነበር። ጥቂት ታግሼ ወደ ጎንደር እንዲያዛውሩኝ ጠየቅሁ። ስዛወር በብቸኝነት የሠራሁባቸው ዓመታት በረዳትነት ተቆጠሩ። የእርከን ጭማሪ ሲሰጥ ከእኔ ጋር የተመረቁት ወንዶች ርቀውኝ ሄደው ነበር።

የጋሼን ሚስት ከልጆቿ ጋር ይዣት መጣሁ። እናቴ ክፍሏን አካፈለቻቸው። ሐኪም ቤት አንሶላ የምታጥብ ሴት ተፈልጋ ነበርና አስገባኋት። ውኃው ብርድ ነው፤ ሳሙናው እጅ ይልጣል። ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው ሲደሙ ቫዝሊን እቀባላት ነበር። ደም የነካው አንሶላ ሲመጣላት ሌሎቹ አጣቢዎች ይሸሹታል፤ እሷ ግን ምንም ሳትል ታጥበዋለች። ደመወዟ የሚታሰበው በቀን ነው፤ ካልመጣች አይከፈላትም፤ ስለዚህ ትኩሳት ይዟትም ትመጣለች።

አንድ ቀን ልብስ እየጨመቀች ሳለ «እኔ ምለው፣ ቋሚ ለመሆን ምን ይጠይቃሉ?» አለችኝ።

«ማመልከቻ፣ ከዚያ ደግሞ የትምህርት ማስረጃ ይላሉ።»

«አንሶላ ለማጠብም?»

«አዎ።»

አንሶላውን አራግፋ ገመዱ ላይ አሰጣችው። ስለ እሷ ደጋግሜ አመለከትኩ፤ በበጀት ያመካኙ ነበር። ትልልቆቹ ልጆቿ ሥራ እስኪይዙ ድረስ እንዲሁ በቀን ሠራተኛነት ቆየች። በመጨረሻ ሳንባዋን ታመመችና አልጋ ያዘች። እኔ በምሠራበት ክፍል ነበር የተኛችው፤ ጠዋት ጠዋት ገላዋን የማጥባት ራሴ ነኝ። ስትሞት ልጆቿ መጥተው ወደ ደጋው ወስደው ከትንሿ ልጇ አጠገብ ቀበሯት። እኔ ያን ቀን ተረኛ ስለነበርኩ ፈቃድ ብጠይቅ ዘመድ አይደለችም ብለው ከለከሉኝ፤ እስከ ማኪናው ድረስ ብቻ ሸኘኋት።